የልጆቻችሁን ፎቶ ከማታውቁት ሰው እጅ ለመጠበቅ፦ ዛሬ ማታ የሚጀመር ሥራ

መጀመሪያ የገጠመንን ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ 6 ዓመቱ ነበር። ከብስክሌት ወድቆ ክንዱ ተሰበረና ሁለት ቀን ሐኪም ቤት ተኛ። እህቴ በጭንቀት መሐል አንድ ፎቶ አነሳችው። «ጸልዩልኝ» ብላ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። ልጁ ድኖ፣ ጀሶው ተፈትቶ ትምህርት ቤት ከተመለሰ በኋላ አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም መልእክት ላከልኝ። «ይሄ ልጅ የእናንተ አይደለም እንዴ?» ይላል።

ከፈትኩት። ያው ፎቶ ነው። ከቤት የወሰድነው አበባማ አንሶላ አለ። እጁ ላይ የተለጠፈው ነጭ ፕላስተር አለ። ትራሱ አጠገብ ያቺ ቀይ መኪናው አለች። ስሙ ግን ሌላ ነው። «የልብ ሕመምተኛ ነው፤ ውጭ አገር ሄዶ ካልታከመ አይተርፍም» ተብሎ ተጽፎበታል። ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተቀምጧል። አንዲት እናት «እግዚአብሔር ይማርህ የኔ ልጅ፣ 200 ብር አስገብቻለሁ» ብላለች። እህቴ ያን ሌሊት ዓይኗ አልተከደነም።

ያኔ ምን እንደምናደርግ አናውቅም ነበር። ቀስ በቀስ የተማርነውን በቅደም ተከተል አስቀምጬላችኋለሁ። ሁሉንም በአንድ ቀን ጨርሱ አልልም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ግን ዛሬ ማታ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ መጨረስ ይቻላል።

የኔን ልጅ ፎቶ ማን ይፈልገዋል?

ብዙ ወላጅ ይህን ይጠይቃል። እኛም ጠይቀን ነበር። አንዱ ፈላጊ ከላይ ያያችሁት ነው፤ በታመመ ልጅ ፎቶ ገንዘብ የሚሰበስብ። ሌላው የሰው ልጅ ፎቶ እየለጠፈ «ልጄ ነው» የሚል የውሸት አካውንት ከፍቶ የሰው አመኔታ የሚያገኝ ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል። ልጆችን በወሲብ ዓይን የሚያዩ ሰዎች ገላ ሲታጠብ ወይም ዋና ሲዋኝ የተነሳ ተራ የቤተሰብ ፎቶ ለቅመው ይሰበስባሉ።

አሁን ደግሞ ልብስ የለበሰ ልጅ ፎቶም ለዚሁ ይውላል። በስፔን አልመንድራሌሆ በምትባል ከተማ በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ከ20 በላይ ታዳጊ ሴቶች የራቁት የሚመስል ፎቶአቸው ተሠራጨ። ማንም ራቁታቸውን አላነሳቸውም። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የነበረው ተራ ፎቶአቸው በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አፕ ተለውጦ ነው። ያደረጉት የራሳቸው ከተማ ልጆች ነበሩ። በ2024 ፍርድ ቤት 15 ታዳጊዎችን ጥፋተኛ ብሎ ለአንድ ዓመት በክትትል ሥር እንዲቆዩ ወስኗል። ይህን የማነሳው ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። «እኔ እኮ ነውር ያለበት ፎቶ አልለጥፍም» ማለት ብቻውን እንደማይበቃ እንድታውቁት ነው።

አንደኛ፦ ምን ያህል ፎቶ ውጭ እንዳለ ቁጠሩ

ከመዝጋታችሁ በፊት የተከፈተውን እወቁ። ፌስቡክ ላይ ጓደኛችሁ ያልሆነ ሰው ስልክ ተውሳችሁ የራሳችሁን ገጽ ክፈቱ። የሥራ ባልደረባ ወይም ጎረቤት ይበቃል። እዚያ የምታዩት ሁሉ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰውም የሚያየው ነው። እህቴ ይህን ስታደርግ ከአራት ዓመት በፊት የተለጠፈ የክርስትና አልበም አገኘች። 43 ፎቶ። ረስታው ነበር።

ቀጥሎ ቴሌግራም። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አዲስ ፕሮፋይል ስታደርጉ አሮጌው አይጠፋም። ፕሮፋይላችሁን የሚያይ ማንኛውም ሰው በጣቱ እየገፋ የዓመታት ፎቶአችሁን አንድ በአንድ ማየት ይችላል። ልጁ የተወለደበትን፣ ጥርስ ያወጣበትን፣ መዋዕለ ሕፃናት የገባበትን። የራሳችሁን ፕሮፋይል ክፈቱና ወደ ጎን እየገፋችሁ እዩት። የልጅ ፎቶ ያለበትን እየመረጣችሁ አጥፉ።

በመጨረሻ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ከወጣው አንድ ሁለት ፎቶ መርጣችሁ በጽሑፍ ፋንታ በፎቶ በሚፈልገው በጉግል ሌንስ ፈልጉ። ፎቶው ሌላ ድረ ገጽ ላይ ካለ ሊያወጣው ይችላል። ምንም ካላመጣ ግን የለም ማለት አይደለም። የግሩፕና የተዘጋ ገጽ ፎቶ በዚህ መንገድ አይገኝም።

ሁለተኛ፦ በሩን ዝጉ

ፌስቡክ ላይ የድሮውን ሁሉ አንድ በአንድ ማጥፋት አድካሚ ነው። «ሴቲንግ» ውስጥ ያለፉ ፖስቶችን ለጓደኛ ብቻ የሚያደርግ አንድ ቁልፍ አለ። «ሊሚት ፓስት ፖስትስ» ይላል። አንዴ ሲነካ ለሕዝብ ክፍት የነበረው ሁሉ ለጓደኞች ብቻ ይሆናል። ሁለት ነገር ግን አይሸፍንም። ፕሮፋይል ፎቶና ከላይ ያለው የሽፋን ፎቶ ለማንም ይታያሉ። ስለዚህ እነዚያ ላይ የልጅ ፊት አይኑር። አበባ አድርጉ፣ የጣና ፎቶ አድርጉ፣ የራሳችሁን ፊት አድርጉ።

ከዚያ የጓደኛ ዝርዝራችሁን ተመልከቱ። «ለጓደኛ ብቻ» ማለት 3,000 ጓደኛ ላለው ሰው ለሕዝብ ከመልቀቅ ብዙም አይለይም።

ቴሌግራም ላይ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ግቡ። የፕሮፋይል ፎቶን «ማይ ኮንታክትስ» አድርጉት። ስልክ ቁጥራችሁን «ኖባዲ» አድርጉት። ማን ወደ ግሩፕ ሊያስገባችሁ እንደሚችልም እዚያው ወስኑ። አለበለዚያ አንድ የማታውቁት ሰው 20,000 ሰው ያለበት የዕቃ መሸጫ ግሩፕ ውስጥ ይጨምራችሁና ያ ሁሉ ሕዝብ ፕሮፋይላችሁ ላይ ያለውን ልጅ ያያል።

ዋትሳፕ ላይ ችግሩ ስታተስ ነው። «ለኮንታክቶቼ ብቻ ነው» ብለን እንረጋጋለን። እስቲ ስልካችሁ ውስጥ የተመዘገበውን ስም እዩ። ቤት ያሳየን ደላላ አለ። አንዴ ሶፋ ያመጣልን የአይሱዙ ሹፌር አለ። የቧንቧ ሠራተኛው አለ። እነሱም ቁጥራችንን ከመዘገቡ ስታተሳችንን ያያሉ። «ኦንሊ ሼር ዊዝ» የሚለውን ነክታችሁ አያትን፣ አክስትን፣ ቅርብ ጓደኛን ብቻ ምረጡ። አንዴ ከመረጣችሁ ለሚቀጥለውም ይቆያል።

ቲክቶክና ኢንስታግራም ላይ መፍትሔው አጭር ነው። የልጅ ቪዲዮ ያለበት አካውንት ፕራይቬት ይሁን። ቲክቶክ ላይ ዳውንሎድ የሚፈቅደውንም አጥፉት። ክፍት አካውንት ላይ የልጃችሁ የዳንስ ቪዲዮ ከእይታው አንጻር ሴቭ ያደረገው ሰው ከበዛባችሁ ያንን ቪዲዮ ሳትውሉ ሳታድሩ አውርዱት።

ሦስተኛ፦ ካሜራው አድራሻችሁን እንዳይጽፍ

በስልክ የተነሳ ፎቶ በዓይን የማይታይ ጽሑፍ ይዞ ይሄዳል። የተነሳበት ቀን፣ ሰዓት፣ ሎኬሽን ክፍት ከሆነም የተነሳበት ቦታ። ቤት ውስጥ ከተነሳ ቤታችሁ ነው።

ፎቶን ፌስቡክ ላይ ስትለጥፉት ወይም በዋትሳፕና በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ስትልኩት ይህ መረጃ ለተመልካቹ አይደርስም። ግን ጥራቱ እንዳይቀንስ ብለን እንደ «ፋይል» ወይም እንደ «ዶክመንት» ስንልከው አብሮት ይሄዳል። ለፎቶ ቤት ለማሳጠብ፣ ውጭ አገር ላለ ወንድም ለመላክ፣ ኬክ ላይ ለማሳተም የምንልከው በዚህ መንገድ ነው። በኢሜይልም እንዲሁ ነው።

መፍትሔው ከሥሩ ማጥፋት ነው። ሳምሰንግና ሌሎች አንድሮይድ ስልኮች ላይ ካሜራውን ከፍታችሁ ሴቲንግ ውስጥ የሎኬሽን ታግን አጥፉ። አይፎን ላይ «ፕራይቬሲ»፣ ከዚያ «ሎኬሽን ሰርቪስስ»፣ ከዚያ «ካሜራ» ግቡና «ኔቨር» በሉት። ከዚህ በፊት የተነሳውን ግን አይነካም። የድሮ ፎቶ ከአይፎን ስትልኩ ከላይ «ኦፕሽንስ» የሚለውን ነክታችሁ ሎኬሽኑን ማጥፋት ትችላላችሁ።

አራተኛ፦ ከመለጠፍ በፊት ፎቶውን አንብቡት

አንድ የልደት ፎቶ እናስብ። ልጁ ኬኩ ፊት ቆሟል። ኬኩ ላይ ስሙ ተጽፏል። ሻማው 5 ቁጥር ነው። ከኋላው መስኮት አለ፤ በመስኮቱ የጎረቤት ፎቅና የታወቀ የሱፐርማርኬት ታፔላ ይታያል። ወንበሩ ላይ የትምህርት ቤት ቦርሳው ተሰቅሏል፤ የትምህርት ቤቱ አርማ አለበት። ፎቶው የተለጠፈው ልደቱ ዕለት ነው።

አሁን ቁጠሩ። የማያውቃችሁ ሰው ስሙን፣ የተወለደበትን ቀንና ዓመት፣ ሰፈሩን፣ ትምህርት ቤቱን አወቀ። የኛ አጠራር ደግሞ ሥራውን ያቀልለታል። አባትየው ታግ ከተደረገ፣ የአባትየው ስምና የአባቱ ስም የልጁ የአባትና የአያት ስም ነው። ሙሉ ስም ወጣ።

ይህ ሰው አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ማቲዬ! አባባ ልኮኝ ነው፣ ልደትህ ላይ እኮ ነበርኩ፣ ሰማያዊዋን ኬክ አስታወስካት?» ቢለው፣ የ5 ዓመት ልጅ ምን ብሎ ይጠራጠራል? ለዚህ ነው ቤታችን የይለፍ ቃል ያወጣነው። እናቱ፣ አባቱና እሱ ብቻ የሚያውቁት አንድ ቃል አለ። ያን ቃል ያላወቀ ሰው ጋር አይሄድም፤ ዘመድ ነኝ ቢልም። ይህን ለልጃችሁ በጨዋታ መልክ አስተምሩት።

ስለዚህ ፎቶ ስትለጥፉ ስም አትጻፉ፤ «የኔ ጀግና» ይበቃል። ዩኒፎርም ያለበትን ተዉት ወይም አርማውን ቁረጡት። ያላችሁበትን ቦታ እዚያው ሆናችሁ አትለጥፉ፤ ቤት ከገባችሁ በኋላ ይደርሳል። ገላ የሚታጠብ፣ በዳይፐር ብቻ ያለ፣ የዋና ልብስ የለበሰ ልጅ ፎቶ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከቤተሰብ አይውጣ። ልጅ ሲያለቅስ ወይም ሲቀጣ የተነሳ ቪዲዮም እንዲሁ፤ ይሄኛው የልጁን ክብር የሚነካ ነው።

ፊቱን መሸፈን ከፈለጋችሁ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ስቲከር ተጠቀሙ። በስልክ ብዕር ከላይ ማጥቆር አንዳንዴ ስስ ስለሆነ ብርሃኑ ሲጨመር ከሥሩ ያለው ይታያል። ከኋላ ወይም እጁን ብቻ ማንሳትም ያምራል። አያቶቻችን ሕፃን ይዘው ሲወጡ ፊቱን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር፤ «ዓይን እንዳያርፍበት» ይላሉ። እኔ ዛሬ ይህን ልማዳቸውን ከልቤ አከብረዋለሁ።

ልጁ ነፍስ ካወቀ ደግሞ ጠይቁት። «ይሄን ለአክስትህ ልላክ?» ሲባል አይሆንም ካለ አይሆንም ነው። ፈቃዱ እንደሚጠየቅ ያወቀ ልጅ ሌላ ሰው ሳይጠይቀው ሲያነሳው ነገሩ ልክ እንዳልሆነ ይገባዋል።

አምስተኛ፦ ዘመድ

ከሁሉም የከበደን ይሄ ነው። እናንተ ሁሉን ዘግታችሁ አክስት የልደቱን 30 ፎቶ ለሕዝብ ትለቀዋለች። በፍቅር ነው የምታደርገው። ተቆጥቶ መናገር ዋጋ የለውም፤ ቅያሜ ብቻ ነው የሚተርፈው።

እኛን የጠቀመን አማራጭ ይዞ መሄድ ነው። አንድ የተዘጋ የቤተሰብ ግሩፕ ከፈትን። የልጆች ፎቶ ሁሉ እዚያ ይገባል። ዱባይ ያለችው እህታችንም፣ አሜሪካ ያለው አጎትም፣ ሐዋሳ ያሉት አያትም እኩል ያያሉ። ማንም አልተከለከለም። ቴሌግራም ላይ የግሩፑ ባለቤት «ሪስትሪክት ሴቪንግ ኮንተንት» የሚለውን ሲያበራው ከግሩፑ ፎቶ ፎርዋርድ ማድረግም ሴቭ ማድረግም አይቻልም። በሌላ ስልክ ማንሳት የፈለገን ሰው አያቆምም፤ ሳያስብ የሚያስተላልፈውን ግን ያቆማል፤ አብዛኛው ደግሞ እንዲያ ነው።

ለትልልቆቹ በአካል ወይም በስልክ ተናገሩ። እኔ ለአክስቴ ያልኩት ይህን ነው፦ «እትዬ፣ የልጁን ፎቶ ሰው ሰርቆ ለምኖበት ነበር። እባክዎ ፌስቡክ ላይ ያለውን ያጥፉልን፤ እኔ በግሩፑ በየሳምንቱ አዲስ እልክልዎታለሁ።» ያን ቀኑን አጠፉት። በየሳምንቱ መላኩን ግን አትርሱ። ካቋረጣችሁ ወደ ድሮው ይመለሳል።

ስድስተኛ፦ ትምህርት ቤትና ፎቶ ቤት

ብዙ ትምህርት ቤቶች የወላጆች በዓልን፣ የምርቃት ጋዋን የለበሱ ሕፃናትን፣ የሳምንቱን ምርጥ ተማሪ ክፍት በሆነ የቴሌግራም ቻናልና በቲክቶክ ይለቃሉ። ክፍት የቴሌግራም ቻናል ቴሌግራም በሌለው ሰው እንኳ በብራውዘር ይታያል። ስም፣ ክፍልና ፊት አንድ ላይ።

ለርእሰ መምህሩ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። «የልጄን ፎቶና ስም ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቻናል ወይም ገጽ ላይ እንዳታወጡ በትሕትና እጠይቃለሁ። ለክፍሉ ወላጆች ብቻ በተከፈተ የተዘጋ ግሩፕ ቢላክ ደስ ይለኛል» ማለት ይበቃል። ኮፒው ላይ ማኅተም አስደርጉና ቤት አስቀምጡ። ሦስት አራት ወላጅ ሆናችሁ ብትሄዱ ይበልጥ ይሰማችኋል።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ፎቶ ቤት ስትሄዱም ከመክፈላችሁ በፊት «ለማስታወቂያ እንዳትለጥፉት» ብላችሁ ደረሰኙ ላይ አጽፉ።

ሰባተኛ፦ ስልኩ ራሱ

ስልክ ጥገና ስንሰጥ የይለፍ ቁጥሩንም አብረን እንሰጣለን። ጋለሪው ውስጥ ልጆቻችን አሉ። አዳዲስ የሳምሰንግ ስልኮች ላይ «ሜንተናንስ ሞድ» የሚባል አለ፤ ሲበራ ጠጋኙ ስልኩን ይሞክራል፣ ፎቶና መልእክታችሁን ግን አያይም። ሌላ ስልክ ከሆነ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ገልብጣችሁ፣ ከስልኩ አጥፍታችሁ፣ ሚሞሪ ካርዱን አውጥታችሁ ስጡ። ስልክ ስትሸጡ ደግሞ ከአካውንታችሁ ውጡና ሙሉ በሙሉ ፎርማት አድርጉት።

ስምንተኛ፦ ከተከሰተስ?

መጀመሪያ የምትፈልጉት ገጹ ሥር ገብታችሁ መሳደብ ነው። አውቃለሁ። አታድርጉት። ሰውዬው እናንተን ብሎክ አድርጎ ይቀጥላል፤ ማስረጃውም ያመልጣችኋል።

ሊንኩን ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የገጹን ስም፣ ሒሳብ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን የሚያሳይ ስክሪንሾት ውሰዱ። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ምስሉ የልጅ ራቁት ወይም ወሲባዊ ከሆነ ስክሪንሾት አታንሱ፣ ለማንም አትላኩ፣ «ለማስጠንቀቅ» ብላችሁም አታጋሩ። እንዲህ ያለ ምስል ማስተላለፍ ራሱ ወንጀል ነው፤ የተጎዳውንም ልጅ ደግሞ ይጎዳል። ሊንኩ ብቻ በቂ ነው።

ከዚያ ሪፖርት አድርጉ። ፌስቡክ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፎቶ ከገጹ እንዲወርድ የወላጅን ጥያቄ ይቀበላል። ጉግልም ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ምስል ከፍለጋ ውጤቱ እንዲወጣ ልጁ ወይም ወላጁ ሲጠይቅ ያያል፤ ድረ ገጹ ላይ ያለውን ግን አያጠፋም። ሒሳብ ቁጥር ካለ ባንኩ ጋር በዚያው ቀን ሂዱ። የኛን ጉዳይ ያፋጠነው ይሄ ይመስለኛል።

ዘመድ ጓደኛ ሲረዳችሁ «ገጹን ሪፖርት አድርጉ» ብላችሁ ሊንኩን ብቻ ላኩ። «ይሄን አጭበርባሪ አጋልጡ» ተብሎ የልጁ ፎቶ እንደገና ሲሠራጭ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። እኛ ይህን ስህተት ሠርተናል።

ራቁት ወይም ወሲባዊ ለሆነ ምስል «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። የአሜሪካው የጠፉና የተበደሉ ሕፃናት ማዕከል በ2023 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው፤ በማንኛውም አገር ያለ ሰው ይጠቀምበታል። ምስሉን አትልኩም። ምስሉ ቀድሞውኑ ስልካችሁ ላይ ካለ፣ እዚያው እያለ ከምስሉ የጣት አሻራ የመሰለ ቁጥር ይወጣለታል፤ የሚሄደው ቁጥሩ ብቻ ነው። ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ቲክቶክን ጨምሮ የተስማሙ ድርጅቶች በዚያ ቁጥር ምስሉን ፈልገው ያወርዱታል።

ፖሊስ ጋር ስትሄዱ ሊንኩንና ስክሪንሾቱን አትማችሁ ያዙ። በልጆች ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ድርጊትን የሚመለከተው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 ነው፤ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ አመልክቱ። እስራኤል ያላችሁ በ105 ደውሉ፤ የልጆችን የኢንተርኔት ደኅንነት የሚመለከት ብሔራዊ መስመር ነው። አሜሪካ ያላችሁ በ2025 የወጣውን ሕግ ተጠቀሙ፤ ያለ ፈቃድ የወጣ ወሲባዊ ምስል፣ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራም ቢሆን፣ ማኅበራዊ ሚዲያዎቹ ጥያቄ ከደረሳቸው በ48 ሰዓት እንዲያወርዱት ያስገድዳል።

ልጁ ትልቅ ከሆነና አንድ ሰው «ብር ካልላክህ ፎቶህን እለቀዋለሁ» እያለ የሚያስፈራራው ከሆነ አትክፈሉ። አንዴ ከተከፈለ ሁለተኛ ይጠይቃል። ቻቱን አታጥፉ፤ ማስረጃ ነው። ስልኩንም ወዲያው አትንጠቁት። ልጁ ይህን ለእናንተ ለመናገር ስንት ቀን እንዳማጠ አስቡ። መጀመሪያ ከጎኑ ተቀመጡና «ደግ አደረግህ ነገርከኝ፤ አልቆጣህም፤ አብረን እንሄዳለን» በሉት። ጠዋት አብራችሁት ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ።